ክላውዲየስ እንኳ ያፈረበት

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የምትለው ተረት ሰልችታኛለች። ነቀምቴ ሻይ ቤት ተቀመጡ፣ ጊዳ አያና ገበያ ዳር ቁሙ፤ የሙስና ወሬ በተነሣ ቁጥር በዚህችው ተረት ይዘጋል። ላይ ያሉት ናቸው፣ እኛ ምን እናድርግ! እሺ፣ አናቱ ገማ። አካሉስ? አካሉ እስካሁን ምን ሲሠራ ነበር?

የሼክስፒርን ሐምሌትም የምናነበው እንደዚሁ ነው። ከነቀምቴ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ያንን ተውኔት በአማርኛ አምጥቶልናል። እኛ ግን ይዘን የቀረነው አንድ ክፉ አጎት፣ ክላውዲየስን ብቻ ነው። ወንድሙን መርዞ ገደለ፣ ዙፋኑንና ሚስቱን ወረሰ፣ አገሩ በሰበሰ። በቃ። እኔ ይህን አልቀበልም። አንድ ሰው ብቻውን አገር አያበሰብስም። ክላውዲየስ ገና በመጀመሪያው ንግግሩ ሹማምንቱን ያመሰግናል፤ የሟቹ ሐዘን ሳይወጣ ለተደገሰው ሰርግ ስለተስማሙለት! አማካሪው ፖሎኒየስ በገዛ ልጁ በላየርቲስ ላይ ሰላይ ይልካል፣ መጋረጃ ጀርባ ተደብቆ ያደምጣል። ሮዘንክራንትዝና ጊልደንስተርን አብሮ አደጋቸውን ሐምሌትን ሊሰልሉ ይስማማሉ። ላየርቲስ ሰይፉን መርዝ ይቀባል። ገዳዩ አንድ፣ አጎንባሹ ስንት?

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። የመሥሪያ ቤቱን ስም እተወዋለሁ። አንድ ሽማግሌ የይዞታ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው መስኮቱ ላይ ቆሙ። «ኦቦ፣ ፋይሉ ጠፍቷል፤ ነገ ይመለሱ።» ተመለሱ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ። እንደገና ሲመጡ ደብተሩ ውስጥ የታጠፈ ብር ነበር። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ልጅ ደብተሩን ገለጠ፣ በአውራ ጣቱ ገጹን ጫን አድርጎ ብሩን ወደ መሳቢያው አንሸራተተ፣ ተነሣ፣ ጠፋ የተባለውን ፋይል ከዚያው ክምር መዞ አወጣ። ከሽማግሌው ኋላ የተሰለፈው ሁሉ አየ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ያ ልጅ የየትኛው አናት ነው? የጎረቤታችን ልጅ ነው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። እናቱ ስትመርቀው ሰምተናል።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የመንግሥቱ ኮርፖሬሽን ሜቴክ 37 ቢሊዮን ብር ገደማ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ ፈጽሟል ሲሉ አገሩ በሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ተንጨረጨረ። መንጨርጨሩ ተገቢ ነበር። ብዙም ሳንርቅ፣ ኢሉባቦር ያዩ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ በሁለት ዓመት ያልቃል ተብሎ ለዚሁ ድርጅት ተሰጥቶ ነበር፤ ሳያልቅ ከእጁ ወጣ። የአንገር ሸለቆ በቆሎ አምራች ማዳበሪያ ፍለጋ ሲንከራተት ይህን ማስታወስ አለብን። ግን ያን ሳምንት ቴሌቪዥን ፊት ሲራገም ያመሸው ሰው፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮው ገብቶ ምን አደረገ? ያቺን መሳቢያ አልከፈተም?

ከዚህም የባሰ አለ። በየወረዳው ሳይሰርቅ የሠራ ሹም አይጠፋም። ሲነሣ ምን እንለዋለን? «ምን ይዞ ወጣ? ቤት እንኳ አልሠራም!» ዘመዶቹ ያፍሩበታል። የሚስቱ ወገኖች ያሙታል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብለን ልጆቻችንን ያሳደግን እኛ ነን፤ ያንን ሰው ሞኝ ብለን የምንቀብረውም እኛው። ታዲያ የሚቀጥለው ሹም ከማን ይማር?

ክላውዲየስን ልጨርስ፤ ተውኔቱ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሣኝ ቦታ አለና። ነፍሰ ገዳዩ ንጉሥ ብቻውን ተንበርክኮ ሊጸልይ ይሞክራል። አልሆነለትም። ለምን? ዘውዱም፣ ሥልጣኑም፣ ንግሥቲቱም እጁ ላይ ናቸው፤ የገደለበትን ነገር ጨብጦ ምሕረት መለመን እንደማይቻል ያውቃል። ቃሉ ወደ ላይ ቢወጣም ሐሳቡ ከታች እንደቀረ ራሱ ተናግሮ ይነሣል። ያ ወንድሙን የገደለ ሰው ይህችን ታህል እውነት ነበረው!

እኛስ? የኛ ሰው የድሃ መሬት ሸንሽኖ ይሸጥና ለቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ፣ ለመስጊዱ ሲሚንቶ ይዞ ይመጣል። መሬቱን አልመለሰም። ብሩን አልመለሰም። ስሙ በድምፅ ማጉያ ይነበባል። እልል ይባላል። የፊት ወንበር ይለቀቅለታል። መሬቱ የተወሰደበት ገበሬ በዚያው ጉባኤ መጨረሻ ረድፍ ቆሞ ያያል። ይህን የሚያደርገው የትኛው አናት ነው? ሚኒስትር መጥቶ እልል በሉ አለን? ክላውዲየስ በእግዚአብሔር ፊት ሊል ያልደፈረውን እኛ በማይክሮፎን እንልለታለን!

እናንተም ይህን ታውቃላችሁ። ቤታችሁ በር ዘግታችሁ ትሉታላችሁ፤ አደባባይ ላይ ግን ይሉኝታ አፋችሁን ይይዘዋል። የሕንጻ ኮሚቴ ሽማግሌዎች፣ የዕድር ዳኞች፣ ቄሶች፣ ፓስተሮች፣ ሼኾች፦ የሚቀጥለው የገቢ ማሰባሰቢያ ቀን ያ ሰው ፖስታውን ይዞ ሲመጣ አትቀበሉት። «መጀመሪያ የገበሬውን መሬት መልስ» በሉት። እዚያው፣ ሕዝቡ እየሰማ።