ክፍል መቀመጥ ፊዚክስ አይሆንም

«የማስተርስ ኮርስ ይብዛ፣ የክፍል ሰዓቱም ይጨመር» የሚሉን ምሁራን አሉ። እስቲ እንጠይቃቸው፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ተማሪው ወደ ደብተሩ፣ ከደብተሩም ወደ ፈተና ወረቀቱ ካጋዘው፣ ፊዚክሱ የቱ ላይ ነው?

ሶቪየታዊው ሌቭ ላንዳው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሌላ መንገድ ጀምሮ ነበር። ፈተናዎቹ 9 ናቸው፤ 2ቱ ሒሳብ፣ የቀሩት ከመካኒክስ እስከ ኳንተም። ስንት ሰዓት ክፍል ተቀመጥክ የሚል የለም። የፈለገ ስልክ ይደውላል፣ ይመጣል፣ ጥያቄው ተሰጥቶት ብቻውን ይፈታል። እስከ 1961 ድረስ ያለፉት 43 ብቻ ናቸው፤ ከነሱ አንዱ አብሪኮሶቭ በ2003 ኖቤል ተሸለመ።

«እነሱ መሣሪያ ነበራቸው» ይባል ይሆናል። ለቤተ ሙከራው እውነት ነው። የኤሌክትሮዳይናሚክስ ጥያቄ ለመፍታት ግን ከወረቀትና ከእስክሪብቶ ሌላ ምን ያሻል? (ወረቀት እንደሆነ አላጣንም፤ ለሃንድአውት የሚባዛውን አይቶ መፍረድ ነው።) የላንዳው ፈተና ጨካኝ ነበር፣ አዎን። ቢሆንም የወደቀው ምን እንደጎደለው አውቆ ይሄዳል። ደብተር ሸምድዶ ዲግሪውን የያዘው የኛ ወጣት ግን ጉዱ የሚፈላው አንድ አዲስ ጥያቄ ሲገጥመው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እሱ ራሱ መምህር ሆኖ ሰሌዳው ፊት ቆሟል።