ከሐሩሩ ይልቅ ወበቁ

አሪዞና በረሃ ላይ የተቆረቆረችው የፊኒክስ ከተማ ነዋሪዎች እንግዳ ሲመጣባቸው የሚሰነዝሯት ማጽናኛ አለች፦ «ሙቀቱ እኮ ደረቅ ነው!» ግማሿ ቀልድ ነው፤ ግማሿ ግን እውነት። ደረቅ አየር ላብን ወዲያው ይጠጣዋል፤ ላብ ሲተን ደግሞ ገላ ይቀዘቅዛል። ጥላ ያገኘና ውኃ የያዘ ጤነኛ ሰው 40 ዲግሪ ሴልሺየስን እንደምንም ችሎ ይውላል። ማጽናኛዋ የምትፈርሰው በሐምሌ መባቻ ገደማ ነው። ያን ጊዜ ነፋሱ አቅጣጫውን ይቀይርና ከሜክሲኮ ምድርና ከካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ እርጥበት ጭኖ ወደ ሰሜን ይነፍሳል። ሞንሱን ይሉታል፤ ቃሉ ወቅት ከሚለው የዐረብኛ «መውሲም» የመጣ ነው።

አማርኛ ለሁለቱ ሙቀቶች ሁለት ስም አለው። ሐሩር ቆላ የወረደ ሁሉ የሚያውቀው ፀሐይ የምታነደው ግለት ነው። ወበቅ ሌላ ነው፦ ሰማዩ ደመና አርግዞ መውለድ ሲያቅተው፣ አየሩ ሲታፈን፣ ልብስ ከገላ ላይ ሲጣበቅ። የደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ዕለታዊ የአየር ትንበያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ነው፤ «ነጎድጓዳማ ዝናብ ሊኖር ይችላል» የሚለው ከኋላ ይከተላል። አድማጭ ይህን ሁለተኛውን እንደ ምሥራች ይሰማዋል። ሊሰማው የሚገባው እንደ ማስጠንቀቂያ ነበር። በሙቀት ማዕበል መሃል ከዝናቡ ቀድሞ የሚገባው እርጥበት የሰውን ማረፊያ ሰዓት፣ ሌሊቱን፣ ይወስድበታልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበረሃ መሬት ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይመልሳል፤ አየሩ ደረቅና ጥርት ያለ ከሆነ ከንጋት በፊት ብርድ እስከ መሰማት ይደርሳል። በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ግን ምድሪቱ ላይ እንደ ጋቢ ይደረባል፤ የወጣውን ሙቀት መልሶ ይልክባታል። ቤት ውስጥም ችግሩ ይብሳል። ኤየር ኮንዲሽነር መግዛት ወይም የመብራት ሂሳቡን መክፈል ያቃታቸው ብዙ ቤተሰቦች የሚጠቀሙት በውኃ ትነት የሚያቀዘቅዝ ርካሽ መሣሪያ ነው። መሣሪያው የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። ወበቁ ሲመጣ እርጥብ አየር ከማናፈስ በቀር ብዙም አይፈይድም፤ ማለትም ይበልጥ በሚያስፈልግበት ቀን ይከዳል።

ይህን ያጋለጠው የእ.ኤ.አ. 2006 ጁላይ ነው። ያኔ ካሊፎርኒያንና ኔቫዳን የመታው ሙቀት ከወትሮው በተለየ እርጥብ ነበር፤ እርጥበቱም የመጣው በባሃ ካሊፎርኒያ አቅራቢያ ሞቆ ከነበረው የፓስፊክ ውኃ ላይ ነው። የአስከሬን መርማሪዎች በሙቀት ሞቱ ብለው የመዘገቧቸው ሰዎች ከ140 ያላነሱ ነበሩ፤ በኋላ የወጡ ጥናቶች ትክክለኛውን ቁጥር ከዚያ እጅግ ከፍ ያደርጉታል። በካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ በሺዎች የሚቆጠሩ የወተት ላሞች አለቁ። ላም እንደ ሰው አያልባትም፤ የቀኑን ሙቀት የምታራግፈው በሌሊቱ ቅዝቃዜ ነው፤ ሌሊቱ አልቀዘቀዘም። የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋሙ አሌክሳንደር ጌርሹኖቭና ባልደረቦቹ በ2009 ባወጡት ጥናት ክስተቱን እንደ ድንገተኛ አላዩትም። በአካባቢው የሙቀት ማዕበል መልኩን እየለወጠ፣ ወደ እርጥብና ወደ ሌሊት እያዘነበለ መሆኑን አሳይተዋል።

ፊኒክስ በ2023 ያየችው ግን ከዚህም የከፋ ነው። ከጁን 30 እስከ ጁላይ 30፣ ለተከታታይ 31 ቀናት፣ የከተማዋ ሙቀት በየቀኑ 43 ዲግሪ (በእነሱ አቆጣጠር 110 ፋራናይት) ደረሰ ወይም አለፈ። ጋዜጦች የቆጠሩት ይህን ነበር። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ሌላ ተከታታይ ቁጥር ከጎኑ ነበር፦ ለ16 ቀናት ሙቀቱ ሌሊትም ቢሆን ከ32 ዲግሪ በታች አልወረደም። ጁላይ 19 የነጋው 36 ዲግሪ ላይ ሆኖ ነው። የጤነኛ ሰው ገላ የሚለካውን ያህል ሊባል ምንም አልቀረው! እርግጥ ነው፣ የፊኒክስን ሌሊት ሁሉ በእርጥበት ማመካኘት ስሕተት ይሆናል፤ አስፋልቱና ኮንክሪቱ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ደመናውም ያን ዓመት ሲያሾፍ ከረመ። ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ በከተማዋ የአየር ማረፊያ ጣቢያ የተለካው ዝናብ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አልሞላም፤ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ፊኒክስ ባለችበት በማሪኮፓ ካውንቲ በዓመቱ 645 ሰዎች ከሙቀት ጋር በተያያዘ ሞቱ። ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው መጠለያ አልነበራቸውም፤ ቤታቸው ውስጥ ከሞቱት አብዛኞቹ ደግሞ ማቀዝቀዣ ነበራቸው፤ ግን አይሠራም ነበር።

በላስ ቬጋስ ይህን ሌሊት ቀርበው የሚያውቁት ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ከተማዋ ያለችበት ክላርክ ካውንቲ በ2023 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰፈር የሰየመላቸው የዚያ ማኅበረሰብ አባላት በታክሲ ሥራ በብዛት ተሰማርተዋል። የከተማዋ ገበያ ደግሞ የሚደራው ከመሸ ነው። ከተማዋ ጁላይ 7 ቀን 2024 የራሷን ክብረ ወሰን፣ 48.9 ዲግሪ፣ አስመዘገበች። ቁጥሩ የከሰዓት ነው፤ ሻንጣ የሚጭነው ሰው ግን እኩለ ሌሊትም ላይ በላብ እንደራሰ ነው።

እርጥበቱ ከሙቀቱ ሌላ መብረቅም ይዞ ይመጣል። በ2020 ኦገስት አጋማሽ ካሊፎርኒያ በሙቀት ማዕበል ውስጥ ነበረች፤ የኤሌክትሪክ ኃይል አንሶ ምሽት ላይ በተራ ማጥፋት ተጀምሮ ነበር፤ ከ2001 ወዲህ ያልታየ ነገር። ኦገስት 16 በዴዝ ቫሊ 54.4 ዲግሪ ተለካ። በዚያው ሰሞን ፋውስቶ የተባለው የፓስፊክ ማዕበል ቅሪት እርጥበቱን ላከ። ደመናው ከፍ ያለ፣ ከሥሩ ያለው አየር ደግሞ ደረቅ ነበርና ዝናቡ መሬት ሳይነካ አየር ላይ ተነነ፤ መብረቁ ግን ወረደ። በጥቂት ቀናት በሺዎች የሚቆጠር መብረቅ በደረቀው ሣርና ደን ላይ ወርዶ በመቶዎች የሚቆጠሩ እሳቶችን ለኮሰ። ከነዚያ መጋጠም የተፈጠረው አንድ ቃጠሎ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ኤከር በላይ በላ።

ይህ ሁሉ ሲባል ሞንሱን ጠላት ነው ማለት አይደለም። በደቡብ አሪዞና ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው እሱ ነው። የአካባቢው ነባር ነዋሪ የሆነው የቶሆኖ ኦዳም ሕዝብ ከዝናቡ በፊት የሳዋሮ ቁልቋል ፍሬ ለቅሞ ጠጅ ይጥላል፤ ጠጁ የሚጠጣው ዝናብ በሚለመንበት ሥነ ሥርዓት ነው። በቱሳን ከተማ ደግሞ ጁን 24፣ የመጥምቁ ዮሐንስ ዕለት፣ የዝናቡ መግቢያ ሆኖ ይከበራል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ፈገግ ያሰኛል፤ እኛ ዘንድ ቅዱስ ዮሐንስ ሲመጣ ክረምት ይወጣል። ያው አንድ ቅዱስ እዚያ የዝናቡን በር ይከፍታል፣ እዚህ ይዘጋል። ለበረሃው ሕዝብ ችግር የሚሆነው ዝናቡ አይደለም፤ በእርጥበቱ መድረስና በዝናቡ መውረድ መካከል ያለው ጊዜ ነው። በሙቀት ማዕበል ዓመት ያ ጊዜ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

የመንግሥት አሠራር ይህን አደጋ የተረዳው ዘግይቶ ነው። በ2018 በአሪዞና አንዲት አዛውንት 51 ዶላር ውዝፍ ስለቀረባቸው መብራት ተቆርጦባቸው በሙቀት ሞቱ፤ ግዛቲቱ በበጋ ወራት ባልተከፈለ ሂሳብ መብራት መቁረጥን ያገደችው በማግሥቱ ዓመት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ትንበያ አገልግሎት «ሂትሪስክ» የተባለውን መለኪያ በመላ ሀገሪቱ ሥራ ላይ ያዋለው በ2024 ነው። መለኪያው ከቀኑ ጋር የሌሊቱን ሙቀት፣ የቆይታውንም ርዝመት ይደምራል።

ፊኒክስም በዚያው ዓመት አንድ ቀላል ነገር አደረገች። እስከዚያ ድረስ ሰው ከሙቀት የሚሸሽባቸው ማዕከላት አብዛኞቹ ከሥራ ሰዓት ጋር ይዘጉ ነበር። በ2024 ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ሆነው የሚያድሩ ቦታዎች ተዘጋጁ፤ አንዱ ቤተ መጻሕፍት ነበር። የዚያ ዓመት በጋ ከ2023ም በልጦ በከተማዋ ታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱ ሆነ። በካውንቲው የሞቱት ሰዎች ቁጥር ግን ከ645 ወደ 608 ወረደ፤ ከዓመታት ተከታታይ ጭማሪ በኋላ የታየ የመጀመሪያው ቅናሽ ነው።