ስካነሩን ከመጋዘን አውጡት

የዛሬው ረዘም ይላል፣ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

እኔ በገባሁባቸው የከሚሴና የአካባቢዋ ቢሮዎች መጋዘን ውስጥ አንድ የማይጠፋ ዕቃ አለ፤ «የተበላሸ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ስካነር። ምን ሆኖ ነው ስትሉ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር አይሠራም።» ሶኬት ላይ ስትሰኩት መብራቱ ይበራል። ወረቀት ስታስገቡ ይስባል። ኮምፒውተሩ ስላላወቀው ብቻ ይወገድ ተብሎ አዲስ ግዢ ይጠየቅበታል። አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ይሄንን ነው።

«አንተን ምን አገባህ?» ትሉኝ ይሆናል። የሚያገባኝ ዋጋውን የሚከፍለው ባለጉዳዩ ስለሆነ ነው። ከአርጡማ ፉርሲ ወይም ከደዋ ሀረዋ የመጣ ገበሬ የመሬት ደብተሩን ይዞ ቢሮ ይቆማል። «ስካን አስደርገህ ና» ይባላል። ኮፒ ቤት ይሄዳል፣ በገጽ ይከፍላል። የመሬት ደብተሩ፣ የፋይዳ ቁጥሩ፣ የልጁ የልደት ሰርተፍኬት የማያውቀው ሰው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል፤ ከዚያም በቴሌግራም ይላካል። ኮፒ ቤቶቹን አልወቅስም፣ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ግን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ያላት አገር ውስጥ የሕዝብ ሰነድ እንዲህ ሜዳ ላይ መበተኑ ያሳፍራል።

ሌላም አለ። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነቱ ከሚሴ ደርሶ ነበር። በወሎ ስንት ቢሮ ተዘርፎ ስንት ፋይል አመድ እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ወረቀት ማለት በአንድ ክብሪት የሚጠፋ መብት ማለት ነው። ታዲያ ወረቀቱን ወደ ፋይል የሚቀይረው ዕቃ መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ዝም ልበል?

እስኪ ወደ ነገሩ እንግባ። ድራይቨር የሚባለው አስተርጓሚ ነው። አንዱ አማርኛ ብቻ፣ ሌላው አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ፍርድ ቤት ቀርበው አስተርጓሚ ቢጠፋ ዳኛው «እነዚህ ሰዎች ዲዳ ናቸው» ይላል? አይልም፤ አስተርጓሚ ፈልጉ ነው የሚለው። እኛ ግን ስካነሩን ዲዳ ነው ብለን ፈረድንበት።

አስተርጓሚውን ያጠፋው ማነው? አምራቹ። አዲስ ሞዴል መሸጥ ሲፈልግ ለአሮጌው ድራይቨር መጻፍ ያቆማል። አፕል በ2012 ዓ.ም መስከረም ካታሊና የተባለውን ሲስተም ሲያወጣ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን በሙሉ ዘጋ፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ጤነኛ ስካነር በአንድ አፕዴት አፉ ተዘጋ። ማይክሮሶፍትም ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 64 ቢት ብቻ ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። ስለዚህ ስካነሩ ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩም «አርጅተሃል» ይባላል።

የዋይፋይ ስካነር ሲሆን ችግሩ ይደራረባል፤ ግን እያንዳንዱ መፍትሔ አለው። አሁን አይሲቲ ክፍል ያላችሁ ልጆች ልብ በሉ።

አንደኛ፣ አሮጌ የዋይፋይ ስካነር አብዛኛውን ጊዜ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚያየው። አዲሱ ራውተር 5 ጊጋኸርዙን በአንድ ስም ቀላቅሎ፣ ምስጢር ቃሉንም በደብሊውፒኤ 3 ብቻ ከቆለፈው ስካነሩ በሩን አያገኘውም። ለ2.4 ለብቻው ስም ስጡት፣ ደብሊውፒኤ 2 አድርጉት። ብዙ ጊዜ «ተበላሸ» የተባለው እዚህ ላይ ነው የሚነሳው።

ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ አዲስ ኔትወርክ ሲያገኝ «ፐብሊክ» ብሎ ይመዘግበውና ዕቃዎችን መፈለግ ያቆማል። የቢሯችሁ የራሱ ኔትወርክ ከሆነ «ፕራይቬት» አድርጉት። ለስካነሩም ራውተሩ ላይ ቋሚ አይፒ ስጡት፤ ዛሬ ተገኝቶ ነገ የሚጠፋው አድራሻው ስለሚቀያየር ነው።

ሦስተኛ፣ የአምራቹን ሶፍትዌር እርሱትና ናፕስ 2 የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ኢኤስሲኤል የሚባለውን የጋራ ቋንቋ የሚያውቅ ስካነር ከሆነ ያለ ድራይቨር ያገኘዋል። ካልሆነም አሮጌ ባለ 32 ቢት የትዌይን ድራይቨር ማስነሳት ይችላል። የአማርኛ ጽሑፍንም ከምስል ለይቶ ማንበብ የሚችል ሞተር አለው። ገንዘብ መክፈል የሚችል ቪውስካንን ይሞክር፤ አምራቾቻቸው ለረሷቸው በሺዎች ለሚቆጠሩ ስካነሮች አስተርጓሚ የጻፈ ነው።

አራተኛ፣ ይሄም ሁሉ ካልሆነ ዋይፋዩን ትታችሁ በኬብል ሰኩት። እዚህ ላይ ነው እኔን የሚያናድደኝና የሚያስቀኝ ነገር የሚመጣው። ዊንዶውስ 11 አልቀበልም ያለውን ኮምፒውተርና ዊንዶውስ 11 አላውቅህም ያለውን ስካነር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ኮምፒውተሩ ላይ ሊኑክስ ጫኑ። ሊኑክስ ሴን የሚባል የስካነር ሥርዓት አለው፤ እንደ ፉጂትሱ ስካንስናፕ አይኤክስ 500 ያሉትን በኬብል በደንብ ያናግራል። ኤርሴን የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከጨመራችሁበት ያ ስካነር ለቢሮው ሁሉ በኔትወርክ ይታያል። ሁለት «የሞቱ» ዕቃዎች ተደጋግፈው ተነሡ ማለት ነው። ወጪው? የአንድ ባለሙያ አንድ ቀን።

አሁን የሚነሱትን ተቃውሞዎች እንያቸው።

«አሮጌ ነገር ለቫይረስ በር ይከፍታል» የሚል አለ። እውነቱን ነው። ስካነሩ ፋይል ወደ ፎልደር እንዲልክ ብሎ ዊንዶውስ የዘጋውን ኤስኤምቢ 1 መልሶ የሚከፍት ባለሙያ ካለ እጁን ያዙት። በ2009 ዓ.ም ግንቦት ዋናክራይ ዓለምን ያመሰው በዚያው ቀዳዳ ነው። ግን ከላይ የዘረዘርኳቸው መንገዶች አንዱም ያንን በር አይከፍቱም። ስካነሩን ከኢንተርኔት መለየትም ይቻላል፤ ወረቀት ለማንበብ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

«ስልክ አለ አይደል?» የሚል አለ። ለአንድ ሁለት ገጽ እሺ። የሁለት መቶ ገጽ የፍርድ ቤት መዝገብ ግን በስልክ ካሜራ አይነሳም፤ ቢነሳም ጠማማና ጥላ የሞላበት ይሆናል። ደግሞስ በ2011 ዓ.ም ነሐሴ ካምስካነር የተባለው መተግበሪያ አንድሮይድ ላይ አደገኛ ኮድ ተገኝቶበት ጉግል ከመደብሩ እንዳወጣው ረሳችሁት? የሕዝብ ሰነድ በማንም የግል ስልክ ውስጥ መዞር የለበትም።

«አዲስ እንግዛና እንገላገል» የሚለው ነው ከሁሉ የሚብሰው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር አልፏል። በዚህ ዋጋ የምትገዙት አዲስ ስካነርም የአምራቹን ድራይቨር ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው መጋዘን ይገባል። ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል የሚገዛ ሰው ጥርሷን ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም። የእኛ ግዢ ኮሚቴ ግን ካርቶኑን አይቶ ይፈርማል!

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ማንኛውም ስካነር «ይወገድ» ከመባሉ በፊት በኬብል፣ በናፕስ 2 እና በሊኑክስ መሞከሩ በጽሑፍ ይረጋገጥ። አዲስ ግዢ ሲጠየቅ «ያለ አምራቹ ሶፍትዌር፣ በኢኤስሲኤል ይሠራል» የሚል መስፈርት ይግባ፤ ሻጩም ፊታችሁ ሰክቶ ያሳያችሁ። ለአይሲቲ ባለሙያው ደግሞ ፕሪንተር ሲያኝክ ብቻ የሚጠራ ሠራተኛ መሆኑ ቀርቶ ለዚህ ሥራ ቀን ይመደብለት።

ተማሪዎቼ፣ ሊኑክስን ያስተማርኳችሁ ለፈተና አልነበረም። ብዙዎቻችሁ ዛሬ ወረዳና ዞን ቢሮ ውስጥ ናችሁ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘውን ሰው ታውቁታላችሁ። በዚህ ሳምንት አንድ ስካነር አውጡ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ሞክሩ። አልነሳ ካላችሁ ሞዴሉን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አብረን እናየዋለን። አብሽሩ፣ ከባድ አይደለም።