ለአያቶች የተነዳ ብስክሌት

ርእሰ ዐውደ ዓመት ቅዱስ ዮሐንስ ሲቃረብ የየቤታችን አሳብ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ የበዓሉ መሶብ ነው፣ ሌላው የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ። ወላጆቻቸውን በኤች አይ ቪ ምክንያት ያጡ ሕፃናት በሚያድጉበት ቤት ይህን ሁለቱንም ሸክም የምትሸከመው ብዙውን ጊዜ አንዲት አያት ናት። የወለደችውን ቀብራ የልጅ ልጇን የምታሳድግ፣ እንጀራ ጋግራ ወይም የሰው ልብስ አጥባ የምታድር እናት በየአጥቢያችን አለች።

ስለ እርሷ እንድንጽፍ ያነሣሣን በሩቅ አገር የሚደረግ ጉዞ ነው። በካናዳ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በቫንኩቨር ደሴት፣ የቪክቶሪያ ከተማ አያቶች እ.ኤ.አ. በ2007 ብስክሌት እየነዱ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ከካምቤል ሪቨር እስከ ቪክቶሪያ ያለው መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሐዋሳ እንደመግባት ማለት ነው። መንገዱን በሦስት ቀን የሚፈጽሙት ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሴቶች ናቸው። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለች እናት በብስክሌት ብታልፍ ለማየት የማይወጣ አይኖርም ነበር! ጉዞው ሲካሄድ የኖረውም በሴፕቴምበር፣ እኛ ዘመን በምንለውጥበት ሰሞን ነው።

ገንዘቡ የሚገባው እ.ኤ.አ. በ2003 ለተቋቋመው የስቲቨን ሉዊስ ፋውንዴሽን ነው። ይህ ድርጅት በ2006 «ከአያቶች ለአያቶች» የተባለ ዘመቻ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የሄዱ አያቶች በቶሮንቶ ከካናዳ አያቶች ጋር ተገናኝተው መክረዋል። ድርጅቱ ከሚረዳባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

ርዳታው ስለምን በአያቲቱ በኩል ያልፋል የሚል ቢኖር የመድኃኒቱን ነገር ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ ቫይረሱ በደማቸው ካለ አዋቂዎች መካከል 77 በመቶው ሕክምና ሲያገኙ፣ ከሕፃናቱ ያገኙት 57 በመቶው ብቻ እንደነበሩ የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብር አስታውቋል። በአገራችን መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ይሁን እንጂ በነፃ መሰጠቱ ብቻውን ሕፃኑን ከጤና ጣቢያ አያደርሰውም። ሕፃን ቀጠሮውን አያስታውስም፤ ሰዓቱን ጠብቆ አይውጥም፤ የታክሲ ገንዘብ ከየትም አያመጣም። የምታስታውስለት፣ የምታጎርሰው፣ ከምግቡም ጋር የምታስማማለት አያቱ ናት። እርሷ የታመመች ዕለት የእርሱም መድኃኒት ይቋረጣል። ጠበሉንም ስትሻ መድኃኒቱን ማስጣል አይገባትም፤ የቀድሞው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በ1999 ዓ.ም. በአደባባይ ማስረዳታቸው የሚታወስ ነው።

ምጽዋት በስውር እንዲሆን ከወንጌል ተምረናል። እንግዲያውስ ደማቅ ልብስ ለብሶ በአውራ ጎዳና ላይ መመጽወት ታይታ አይሆንምን? የሚሉ ምእመናን አሉ፤ ጥያቄያቸውም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከዚህም ሌላ የወጪው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 በካሊፎርኒያ ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሎስ አንጀለስ የተጀመረው ታላቁ የኤድስ ብስክሌት ጉዞ ብዙ ገንዘብ ቢያስገኝም፣ አዘጋጁ ኩባንያ በሚያወጣው ወጪ ብርቱ ወቀሳ ደርሶበት በ2002 ተዘግቷል። ተረጂዎቹ ድርጅቶች ጉዞውን ራሳቸው አደራጅተው እስከ 2025 አካሄዱት።

በእኛ አስተያየት የሰጪው በአደባባይ መታየት በዚህ ደዌ ረገድ ይቅር ሊባል የሚገባው ነው። ምክንያቱም ይህ ደዌ ብዙዎችን የገደለው በሹክሹክታ ነው፤ ጎረቤት ዕቃ አላውስም ሲል፣ አከራይ ቤት ልቀቁ ሲል፣ ዘመድ ከለቅሶ ሲቀር አይተናል። አያቶች በጠራራ ፀሐይ ስለ ኤች አይ ቪ እንነዳለን ሲሉ ያ ሹክሹክታ ይሰበራል። ስውር መሆን የሚገባው የተቀባዩ ስም ነው፤ ይልቁንም የሕፃኑ። ዛሬ ግን የምናየው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በበዓል ዋዜማ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን በካሜራ ፊት አሰልፎ ደብተር ማደል ተለምዷል። ከበዓሉ በኋላ ያ ሕፃን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ስለሚያሳልፈው ዓመት ያሰበ ማን ነው?

ብስክሌት የግድ አያስፈልገንም። ዕድሩም፣ የጽዋ ማኅበሩም፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱም በእጃችን ናቸው። አንድ ማኅበር አንዲትን አያት ይያዝ፤ የወር ቀጠሮዋን የመጓጓዣ ገንዘብና የሕፃኑን ምግብ ይቻላት፤ ሒሳቡ ለአባላቱ በየጊዜው ይነበብ፤ የቤቲቱን ምሥጢር ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ሽማግሌ በቀር ማንም አይወቀው። ደብተሩም ከበዓሉ ቀደም ብሎ በማታ ከቤቷ ይድረስ፤ ማኅተምም ሆነ የለጋሽ ስም የሌለበት፣ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ከሚገዙት ጋር አንድ ዓይነት ይሁን።