የሰሊጡ ሙቀጫና የሕፃኑ ድስት

ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ በምንነጋገርበት በዚህ ዐምድ ዛሬ ስለ ጾም ገበታ ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን። ምክንያት የሆነንም በሸዋ ሮቢት የሚኖሩ አንድ የቤተሰብ አባት ያቀረቡልን ጥያቄ ነው። ልጃቸው ከውጭ አገር በላከላቸው ዕቃ መካከል አንድ ከረጢት የታሸገ ዘር አገኙ፤ በከረጢቱም ላይ ዘሩ ለሰውነት እጅግ የሚጠቅም እንደ ሆነ ተጽፎበታል። ስሙን ቢያስነብቡ «ሄምፕ» የሚባል፥ ከሐሺሽ ጋር አንድ ወገን የሆነ ተክል ፍሬ መሆኑን ሰሙ። ባለቤታቸውም «ይህ ለዐቢይ ጾም የሚሆን ምግብ ነውን? ወይስ ከቤታችን ሊገባ የማይገባው ነገር ነው?» እያሉ ስለ ተጨነቁ፥ ከረጢቱን ይዘው ወደ እኛ መጡ።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሄምፕ ከጥንት ጀምሮ ለገመድና ለሸራ የሚሆን ቃጫ የሚወጣበት ተክል ነው። ፍሬው ራሱ አያሰክርም፤ ተፈልፍሎ ሲመዘን ከ100 ግራም ውስጥ 31 ግራም ያህሉ ፕሮቲን የሚባለው ገንቢ ምግብ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ቅባት ነው። ስለዚህም ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1998፥ አሜሪካም በ2018 ገበሬዎቻቸው የማደንዘዝ ኀይሉ እጅግ የደከመውን ዐይነት በሕግ ሥር እንዲዘሩት ፈቅደዋል። በአገራችን ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አደንዛዥ ዕፅ ማብቀልንና ማዘዋወርን ይከለክላል። ስለዚህ «እስቲ ከጓሮ ልሞክረው» ማለት ቤተሰብን ከፍርድ ቤት ደጅ ሊያደርስ የሚችል ነገር ነው። ለአባትየውም ይህን ካስረዳናቸው በኋላ አንድ ጥያቄ በፈንታችን አቀረብንላቸው፤ ይኸውም «ልጅዎ በአውሮፕላን የላከልዎ በረከት በእርስዎ ጎተራ የለምን?» የሚል ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ፥ ከዚያም ወደ ይፋት ቆላ ሲዘልቅ፥ በግማሽ ቀን ውስጥ ደጋውንም ወይና ደጋውንም ቆላውንም ያያል። ከላይ በብርዱ አገር ተልባ ሰማያዊ አበባውን አብቦ ይታያል፤ ከታች በሸዋ ሮቢትና በቀወት ሜዳ ማሽላው፥ ጤፉ፥ ማሾውና ሰሊጡ ይበቅላል። ሱፉና ኑጉም ከገበያ አይጠፋም። እግዚአብሔር ለአንድ አገር በአንድ ቁልቁለት ላይ ይህን ሁሉ ከዘረጋ፥ የጾም ገበታችን በሽሮና በድንች ብቻ የሚወሰንበት ምክንያት ምንድር ነው?

እስቲ የቤታችንን ዘር ከእንግዳው ዘር ጋር እናመዛዝነው። በገንቢ ምግብ ብዛት ሄምፕ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሰሊጥና ተልባ ከ100 ግራም ውስጥ 18 ግራም ያህል ነው ያላቸው። ነገር ግን ለአጥንትና ለጥርስ በሚያስፈልገው በካልሲየም በኩል ከነቅርፊቱ ያለ ሰሊጥ በ100 ግራም 975 ሚሊ ግራም ያህል ሲይዝ፥ የተፈለፈለው ሄምፕ ከ100 ሚሊ ግራም አይደርስም። ኦሜጋ 3 በሚባለው፥ ሰውነት ራሱ ሊሠራው በማይችለው የቅባት ዐይነት በኩል ደግሞ ተልባን የሚስተካከል ዘር ጥቂት ነው፤ ከ100 ግራም ውስጥ 22 ግራም ያህሉ ይህ ነው። ስለዚህ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ለአንድ ሰው ለቀኑ የሚበቃውን ያህል ይሰጠዋል። የሱፍና የኑግ ዘይትም ለልብና ለደም ሥር ከሚረጋው ቅባት ይልቅ የሚመረጥ ነው።

በገንቢው ምግብ በኩል የጐደለውንም አባቶቻችንና እናቶቻችን ሳይማሩ ዐውቀው ሞልተውታል። ገንቢ ምግብ ከብዙ ዐይነት ጡብ እንደሚሠራ ቤት ነው፤ አንዱ ጡብ ቢያንስ ሕንጻው በዚያው ልክ ያንሳል። ሰሊጥ ሜታዮኒን የሚባለው ጡብ አይጐድለውም፤ ላይሲን የሚባለው ግን ያንሰዋል። ባቄላ፥ ሽምብራ፥ ምስርና ማሾ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናቸው፤ ላይሲን ሞልቷቸው ሜታዮኒን ያንሳቸዋል። እንግዲህ ሁለቱ በአንድ ገበታ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጕድለት ይሸፍናል። ስልጆን ተመልከቱ፤ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ በስሎ፥ ሰናፍጭ ገብቶበት፥ እስኪብላላ ሲቀመጥ፥ ይህ ሥራ የዛሬ ሊቃውንት የሚመክሩትን ራሱን አይደለምን? ሱፍ የተቀላቀለበት ቆሎም ከዚሁ ጥበብ የተገኘ ነው። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚለው ተረት ስለ ክፉ ባልንጀራ ይነገራል፤ በጾም ገበታ ላይ ግን አብሮ መወቀጡ በረከት እንጂ ቅጣት አይደለም።

አሠራሩንም ለወጣት ባለትዳሮች ስንል እንናገር። ሰሊጡ በሚገባ ታጥቦ፥ አሸዋው ተለቅሞ፥ ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላ በለስላሳ እሳት ይታመሳል፤ ሲንጣጣና ሽታው ሲያውድ ቶሎ ይወርዳል፤ ካረረ ይመራል። ከዚያ ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ በሽሮ ላይ፥ በምስር ወጥ ላይ ወይም በእንጀራ ፍትፍት ላይ አንድ ማንኪያ ለአንድ ሰው ይጨመራል። ሱፉ ተወቅጦ በለብታ ውሃ ተበጥብጦ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለልና፥ ሽንኩርት፥ ቃሪያና ጨው ገብቶበት እንጀራ ይፈተፈትበታል። ሰሊጥን ግን ሁልጊዜ አንጠልለው፤ ካልሲየሙ የሚበዛው በቅርፊቱ ነውና፥ በጨርቅ ስናጠልለው ብዙው ከአተላው ጋር ይቀራል። እርግጥ በቅርፊቱ ያለው ሁሉ ለሰውነት አይደርስም፤ ቢሆንም ከመጣል ይሻላል።

ተልባ ሳይፈጭ ቢበላ እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። ጥሬውንም ማብዛት አይገባም፤ በውስጡ ጥቂት መርዝነት ያለው ነገር ስላለበት ማመሱ ይህን ይቀንሰዋል። ተልባ ከተፈጨ በኋላ ቶሎ ስለሚበላሽ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ መፍጨት፥ ከድኖም በቀዝቃዛ ስፍራ ማኖር ነው። መድኀኒት የሚወስድ ሰው የተልባውንና የመድኀኒቱን ሰዓት ያራርቅ፤ ልጋጉ መድኀኒቱን ይይዝበታልና። በእነዚህ ዘሮች ያለው የብረት ማዕድን ለሰውነት እንዲደርስ ደግሞ በቆላው የማይታጣውን ሎሚ ከምግቡ ላይ ጨመቅ ማድረግ ይረዳል፤ ቡናውና ሻዩ ግን የብረቱን መግባት ስለሚያግድ፥ ከማዕድ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ መልካም ነው። የሻገተ ዘር ለማንም፥ ለከብትም ቢሆን አይሰጥ።

አሁን ደግሞ ልብ የሚያሳዝነውን ነገር እንናገር። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ለአገራችን የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙት ሰብሎች በግንባር ቀደምነት የሚቆጠር ነው። የውጭ ነጋዴ ገዝቶ ይወስደዋል፤ በመካከለኛው ምሥራቅም ጠሂና የሚሉትን ይሠሩበታል። ገበሬያችን ግን የመጨረሻዋን ቁና ሳይቀር ለነጋዴ ሰፍሮ፥ በገንዘቡ ከባሕር ማዶ የመጣውን የሚረጋ የፓልም ዘይት ገዝቶ ይመለሳል። መሸጡን አንነቅፍም፤ የልጆች ደብተርና ልብስ ከዚያው ነው። ነገር ግን የተገዛው ዘይት ቅባት ብቻ ነው፤ ገንቢው ምግብ፥ ካልሲየሙና ብረቱ ከተሸጠው ዘር ጋር ሄዷል። ለቤተሰቡ የጾም ወራት የሚበቃ ሰሊጥ አስቀድሞ ተሰፍሮ በጓዳ ይቀመጥ፤ የቀረው ይሸጥ።

ይህን ሁሉ ስለ ሰሊጥና ስለ ተልባ ካመሰገንን በኋላ፥ አንድ ነገር ብንደብቅ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት በደል ይሆንብናል። እነዚህ ዘሮች ሁሉ ቫይታሚን ቢ 12 የሚባለው የላቸውም፤ እንግዳው ሄምፕም የለውም። ይህ ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልግ ነገር በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፥ ከወተት፥ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ጤነኛ የሆነ ዐዋቂ ሰው በፍስክ ወራት ያገኘውን በጉበቱ አከማችቶ ስለሚያኖር ጾሙን በሰላም ያሳልፋል። ሕፃን ግን ያከማቸው ገና ጥቂት ነው።

በአንድ የዐቢይ ጾም ሳምንት በይፋት ቆላ ከአንድ ደግ ቤት ገብተን ነበር። በረት ውስጥ የምትታለብ ላም ነበረች፤ ዶሮዋም ትጥላለች። እናቲቱ ወተቱን ለፋሲካ ቅቤ እያጠራቀመች፥ እንቁላሉን ለገበያ ታኖር ነበር። ሁለት ዓመት የሞላው ልጇ ግን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የሽሮ ፍትፍት ያላምጣል፤ ጠጕሩ ሳስቷል፤ ሌሎች ሕፃናት ሲሮጡ እርሱ ቁጭ ብሎ ያያል። «እሙዬ፥ ለዚህ ልጅ ወተት ለምን አትሰጭውም?» ብንላት፥ «አባባ፥ ለእርሱ ጾም አይደለም፤ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ድስቴም ማንኪያዬም አንድ ነው፤ ዕቃዬን የፍስክ ይነካብኛል ብዬ ነው» አለችን።

ይህን መልስ ስንሰማ ዐፈርን። ያፈርነውም ስለ እርሷ አይደለም። እኛ ራሳችን በድቁና ትምህርት ያደግን፥ በኋላም በትምህርት ቤት ያስተማርን ስንሆን፥ እንዲህ ያለችውን እናት «እንዴት ያለች ጽኑ ናት!» እያልን ስናመሰግን ኖረናል። ጾምን እንዴት እንደሚጾሙ ብዙ ጊዜ ሰብከናል፤ ማን እንደማይጾም ግን አንድ ቀን እንኳ በዐውደ ምሕረት ላይ ዘርዝረን መናገራችንን አናስታውስም። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የጾም ግዴታ የለበትም። ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ሕመምተኛውን አይረሳውም። እናቲቱ ሕጉን ታውቀው ነበር፤ የጐደላት ሕግ ሳይሆን አንድ ትንሽ ድስት ነበረ።

መፍትሔውን የሰጡት እኛ ሳንሆን በዚያው ቤት በመደብ ላይ ተቀምጠው የነበሩት አያት ናቸው። «በእኛ ጊዜ የልጅ ገል ለብቻው ነበረ፤ የተረሳው መቼ ነው?» አሉና ከጓዳ አንዲት ትንሽ የሸክላ ድስት አስመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ድስት፥ አንዲት ማንኪያና አንዲት ዋንጫ በተለየ ስፍራ ተቀመጡ፤ የሕፃኑ ወተትና እንቁላል በእነርሱ ይሠራል፤ ዕቃዎቹም ለብቻቸው ይታጠባሉ። የቤቱ ጾም አልተነካም፤ ልጁም አልተራበም። ከፋሲካ በኋላ ስንመለስ ልጁ ጫጩት ሲያባርር አገኘነው።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፥ ነገሩ ይህ ነው። እስከ ስድስት ወር ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ አያሻውም። ከስድስት ወር በኋላ ከጡቱ ጋር ገንፎው፥ ወተቱ፥ እንቁላሉ በጾምም በፍስክም አይቋረጥበት። ሰሊጥ ብትጨምሩለት በደንብ የተፈጨ ይሁን፤ ያልተፈጨ ዘር ሊያንቀው ይችላል፤ መጀመሪያም በጥቂቱ ሞክሩት፥ ሰሊጥ የማይስማማቸው ልጆች አሉና። ነፍሰ ጡር የሆነችና የምታጠባ እናት ደግሞ በራሷ ሥልጣን ከመወሰን፥ ነገሩን ለነፍስ አባቷና ለጤና ባለሙያ ገልጣ ምክራቸውን ትቀበል። አባቶች ካህናትም ጠያቂ እስኪመጣ ድረስ ባይጠብቁ መልካም ነው፤ የሚያፍር ሰው አይጠይቅምና።

ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ በባቢሎን ቤተ መንግሥት ዐሥር ቀን ጥራጥሬ በልተው ውሃ ጠጥተው ፊታቸው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ ታየ። እኛም በጾም ወራት ፊታችን እንዲያምር ምግቡን ሰጥቶናል፤ ሙቀጫውም በየቤታችን አለ። ነገር ግን እነዚያ ጐልማሶች እንጂ ጡት የሚጠቡ ሕፃናት አለመሆናቸውን አንርሳ።

ወደ እኛ የመጡት አባትም ለልጃቸው እንዲህ ብለው እንዲልኩ ተስማማን፤ «ልጄ ሆይ፥ አሳቢነትህን እግዚአብሔር ይባርክልህ። የላክኸውን ዐይነት ዘር ግን ዳግመኛ አትላክ፤ አባትህ ዘንድ ሰሊጥና ተልባ አለ። ለዘሩ የምታወጣውን ገንዘብ ለእኅትህ ልጆች የምትታለብ ፍየል ግዛበት።» ለአሁኑ በዚህ እናብቃ። ጾሙን የበረከት፥ ሕፃናቱንም የዕድገት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።