ስለ አሸንዳ አበባ፤ ከዘር አብቅሎ ደጅን ስለ ማስጌጥ

ሰው ቤቱን ከሠራና አጥሩን ካጠረ በኋላ ደጁን በአበባ ለማስጌጥ ሲያስብ፥ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ወደ ሩቅ አገር ይመለከታል። በባዕድ ስም የተጠራውን ችግኝ ከአዲስ አበባ ያስመጣል፤ ብዙ ገንዘብም ይከፍልበታል። ይህ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ነገር ግን የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ሰው፥ በጮቄ ተራራና በደጋው መስክ ማንም ሳይተክለው የሚበቅለውን አሸንዳን ረስቶ ሌላ ሲፈልግ ማየት ያስገርማል። ስለዚህ ዛሬ ይህን አበባ ከዘሩ አብቅሎ የመንገድንና የመደብን ዳር ለማስጌጥ፥ ቈርጦም በቤት ውስጥ ለማኖር የሚቻልበትን መንገድ እንናገራለን።

አሸንዳ ሲባል የነሐሴውን የልጃገረዶች በዓል የሚያስቡ አንባብያን ይኖራሉ፤ የእኛ ነገር ግን ስለ ተክሉ ነው። የተክል ስም ከአውራጃ አውራጃ ስለሚለያይም በመልኩ መለየት ይሻላል። ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ረጅምና ሹል ሆኖ ከአንድ ሥር በብዛት ይወጣል። ከመካከሉ አንድ ሜትር ያህል የሚሆን ቀጥ ያለ አገዳ ይቆማል፤ በአገዳው ጫፍ ላይ እንደ ጠባብ ቱቦ የሆኑ ብዙ ጥቃቅን አበቦች ተጠጋግተው ይወርዳሉ። ቀለማቸው ብጫ፥ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የተለኰሰ ችቦ ይመስላል።

የዕፀዋት ሊቃውንት ይህን ተክል ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ ይሉታል። የመጀመሪያው ስም በ18ኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ ለነበረው ሐኪምና የዕፀዋት መምህር ለክኒፎፍ መታሰቢያ የተሰጠ ነው፤ ሁለተኛው ቅጠለ ብዙ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጣለት ሆኽሽቴተር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ሲሆን፥ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1844 ነው። በዓለም ላይ 70 ያህል የሚሆኑ ዘመዶች አሉት፤ የሚበዙት በደቡብ አፍሪካ ይገኛሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በእንግሊዝ አገር አትክልት ቦታ ከተከበሩት አበቦች ውስጥ ተቈጥረዋል፤ እንግሊዞችም ስለ መልካቸው በእሳት የጋለ የምድጃ ብረት ብለው ይጠሩዋቸዋል። የእኛው አሸንዳ ግን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮው አይገኝም። የሚስማማውም ከ2,000 እስከ 4,000 ሜትር ከፍታ ያለው ደጋ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ለእርሱ የተመቸ ነው።

አደይ አበባ በመስከረም ምድሩን ካለበሰ በኋላ ዘሩን ጥሎ በዓመቱ ይሞታል። አሸንዳ ግን አንድ ጊዜ ከተተከለ ሥሩ በምድር ውስጥ እየኖረ ለብዙ ዓመት ያብባል።

በዚህ ተክል ላይ ገበሬው የሚያቀርበው ክስ አለ፤ እርሱም ሳይሰማ የሚታለፍ አይደለም። «ከብት አይበላውም፤ መስካችንን ያጣብብብናል» ይላል። እውነት ነው፤ በግጦሽ በተጐዳ መስክ ላይ አሸንዳ ይበዛል። ነገር ግን ምክንያቱን ስንመረምር፥ ከብቱ ሣሩን ነቅሎ ሲበላ አሸንዳውን ስለሚተወው ባዶውን ስፍራ እርሱ ይወርሰዋል። እንግዲህ ጥፋቱ መስኩ ዕረፍት በማጣቱ እንጂ በአበባው ብቻ የመጣ አይደለም። ቢሆንም ዘሩን በግጦሽ መሬት መዝራት አይገባም፤ ስፍራው በአጥር ግቢ ውስጥ ነው። በመስክ ላይ ያስከሰሰው ጠባይም በደጅ ምስጋና ያሰጠዋል፤ በአጥሩ ቀዳዳ የገባች ላም ሌላውን አትክልት ስታወድም እርሱን ትታው ታልፋለችና።

ሁለተኛው ነገር፥ ከተራራው ሥሩን ነቅሎ ከማምጣት ይልቅ ዘሩን መሰብሰብ ለምን ይሻላል የሚለው ነው። የአሸንዳን ሥር ሰዎች ለሆድ ቍርጠትና ለቍስል መድኃኒት ሲሉ ከጥንት ጀምሮ ይቈፍሩታል። በ1984 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ኤርምያስ ዳኜ ከጀርመናዊው ሽቴግሊኽ ጋር ሆነው ከዚህ ሥር ክኒፎሎን የተባለውን ቅመም ለይተው አስታውቀዋል። ይህ ግን ሥሩን በቤት ቀቅለን እንጠጣ የሚያሰኝ አይደለም፤ ለሕመም ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ሥር ለመንቀል የተቈፈረ ዳገት በክረምቱ ጐርፍ አፈሩን ያጣል፤ የተነቀለችውም እናት ዳግመኛ በስፍራዋ አታብብም። ዘር የወሰደ ሰው ግን እናቲቱን ሳይነካ፥ ከአንድ አገዳ ብቻ ለብዙ ቤት የሚበቃ ይዞ ይመለሳል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ አበባው ከረገፈ በኋላ በአገዳው ላይ ትንንሽ ፍሬዎች ይቀራሉ። አረንጓዴ ሳሉ አይቈረጡም። ደርቀው ቡናማ ሲሆኑና አፋቸው መከፈት ሲጀምር፥ የባለ መሬቱን ፈቃድ ጠይቆ፥ ከየስፍራው ጥቂት አገዳ ብቻ መቍረጥና በወረቀት ላይ ማራገፍ ነው። ዘሩ ጥቍርና ማዕዘን ያለው ነው። በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ።

2ኛ፤ ከከፍተኛ ተራራ የመጣ ዘር ሳይዘራ በፊት ብርድ ቢያገኝ ለመብቀል ይረዳዋል። ስለዚህ ጥቂት እርጥበት ካለው አሸዋ ጋር ደባልቆ አራት ሳምንት ያህል በቀዝቃዛ ስፍራ፥ ማቀዝቀዣ ባለበት ቤትም በማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖር መልካም ነው። በረዶ ሆኖ እንዳይጠነክር መጠንቀቅ ይገባል።

3ኛ፤ በሚያዝያ፥ ከሥሩ በተበሳ ቆርቆሮ ወይም ሣጥን ውስጥ የተነፋ አፈር፥ ፈጽሞ የበሰበሰ ፍግና አሸዋ እኩል ለእኩል ደባልቆ መሙላት ነው። ዘሩን በላዩ በትኖ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል አፈር ማልበስ ይበቃል። ውሃው በኀይል እየወረደ ዘሩን እንዳያወጣው በቀስታ ይርከፈከፍ። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ስለማይወጣ የዘገየውን ሞተ ብሎ መድፋት አይገባም።

4ኛ፤ ቡቃያው ሲወጣ ከሣር ወይም ከቀጭን ሽንኵርት አይለይም። ልጆች አረም ነው ብለው እንዳይነቅሉት አስቀድሞ ማሳየት ያስፈልጋል። አራት ጣት ያህል ሲያድግ እያንዳንዱን ለየብቻ ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወር ነው። የክረምቱ በረዶ እንዳይመታው በቤቱ ጣራ ክፈፍ ሥር ይክረም።

5ኛ፤ በመስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሲቀንስ ወደ መሬት ይተከላል። አሸንዳ ፀሐይ ይወዳል፤ ውሃ በሚተኛበት መሬት ግን አንገቱ በስብሶ ይሞታል። የአገራችን ክረምት ብርቱ ስለ ሆነ፥ ይልቁንም መሬቱ ዋልካ ከሆነ፥ መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ማድረግ የግድ ነው። በተክልና በተክል መካከል 60 ሳንቲሜትር ይተው። ቅጠሉ የሚወጣበት ልብ በአፈርም በፍግም አይቀበር። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ውሃ ይጠጣ። እኔ የፍርድ ቤት ጸሓፊ ነኝና፥ በወሰን ላይ የሚተክል ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ራሱ ገባ ብሎ ይትከል እላለሁ፤ ቅጠሉ ሲሰፋ ወሰን ተሻግሮ ነገር እንዳያመጣበት።

6ኛ፤ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል እንጂ አበባ አይጠበቅም። አበባው የሚመጣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የደረቀውን ቅጠል ማንሣት፥ ዘሩ እንዲበተን የማይፈለገውንም አገዳ በጊዜው መቍረጥ እንጂ ሌላ ብዙ ድካም የለበትም።

ለቤት ውስጥ ሲፈለግ፥ የታችኞቹ አበቦች መከፈት ሲጀምሩ በማለዳ ይቈረጣል። አበቦቹ ከታች ወደ ላይ በየተራ ስለሚከፈቱ፥ ንጹሕ ውሃ በየሁለት ቀኑ ሲለወጥለት አንድ ሳምንት ያህል ይቈያል። አገዳው ወደ ብርሃን መጕበጥ ስለሚወድ ማስቀመጫውን አልፎ አልፎ ማዞር ነው። ሆኖም ሁሉን አትቍረጡ። ምንቃራቸው ቀጭንና ቈልማማ፥ ላባቸው የሚያብለጨልጭ ጥቃቅን ወፎች ማሩን ሊቀስሙ ይመጣሉ፤ ንቦችም ይመጣሉ። ለእነርሱም ድርሻቸው ይቅር።

እዚህ ላይ በብዙ ቤት የሚሰማ ክርክር አለ። ባል፦ «የተከራየነው ቤት ነው፤ ሹመትም ሥራም ነገ ወዴት እንደሚወስደን አናውቅም፤ በሦስተኛ ዓመት የሚያብብ ነገር ለማን እንተክላለን?» ይላል። ሚስትም ደጇ ራቍቱን እንዳይቀር ትወዳለች። የባል ነገር ሐሰት አይደለም። ከወረዳ ወደ ወረዳ የሚዛወር ሠራተኛ፥ የተከለውን ሳያይ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ሁሉም እንዲህ እያለ ቢተው፥ በከተማው ውስጥ ያለው የኪራይ ቤት ደጅ ሁሉ ለዘለዓለም አመድ መድፊያ ሆኖ ይቀራል፤ በዚያም የሚያድጉ ልጆች ውበት የሌላ ሰው ገንዘብ ነው ብለው ያድጋሉ። ቸኩሎ ሥሩን ከጮቄ ነቅሎ የሚያመጣም ሰው የራሱን ደጅ በአንድ ቀን አስጊጦ የሁሉን ተራራ ያራቍታል። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለምን?

ስለዚህ እናቶች ሆይ፥ ዘሩን ከልጆቻችሁ ጋር ዝሩ፤ የተዘራበትን ቀን ልጁ በራሱ እጅ ጽፎ በሣጥኑ ላይ ይለጥፍ፤ ውሃ ማጠጣቱም የእርሱ ሥራ ይሁን። አባቶች ሆይ፥ መደቡን ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ። በዚያ ቤት ብትቈዩ አበባውን ታያላችሁ። ብትዛወሩም፥ ከእናንተ በኋላ የሚገባው ቤተ ሰብ በሦስተኛው ዓመት አንድ ማለዳ በሩን ሲከፍት የተለኰሰውን ችቦ ያያል። ማን እንደ ተከለው ባያውቅም ዘሩን ለጎረቤቱ ይሰጣል።