የምስክር ወረቀቱ ደርሶናል፤ ሒሳቡስ?

ግልጽ ደብዳቤ፦ ከሆሳዕና እስከ ሀደሮ የበዓልና የባዛር ዝግጅት ለምትመሩ ኮሚቴዎች

የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣

በየዓመቱ መስከረም ላይ ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ያከብራል። በዓሉ ባዛር ያስከትላል፤ በባዛሩ መሀል ደግሞ «የሥዕል ዐውደ ርዕይ» የሚል ባነር የተሰቀለበት አንድ ድንኳን አይጠፋም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያ ድንኳን ነው። ኑሮዬ ሀደሮ ነው፤ መተዳደሪያዬ መምህርነት ነው፤ ከማስተማር የተረፈኝ ጊዜ ሁሉ የሥዕል ነው። እንደ እናንተ ባሉ ኮሚቴዎች ጥሪ ሥራዎቼን ተሸክሜ ብዙ ጊዜ መጥቻለሁና የምናገረው ዳር ቆሜ ያየሁትን ሳይሆን የደረሰብኝን ነው።

ከወቀሳው በፊት ምስጋናውን ላስቀድም። በከተሞቻችን አንድ ሥዕል ከሠዓሊው ቤት ወጥቶ ሰው ፊት የሚቆመው በአብዛኛው በእናንተ ዝግጅት ነው። አዲስ አበባ ያለ ሠዓሊ፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለለት፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል አለለት፤ አሊያንስ ፍራንሴዝ፣ የጎተ ኢንስቲትዩትና የግል ጋለሪዎች አሉለት። አንዱ ፊት ቢነሳው ወደ ሌላው ይሄዳል። የእኛ ሠዓሊ ያለው መስከረምና ድንኳኑ ነው። አሠራሩ እንዲስተካከል አጥብቄ የምጠይቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከጥሪያችሁ ልጀምር። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል፤ ኮሚቴው የሚዋቀረው ግን ነሐሴ ሲያልቅ ነው፤ ገንዘቡ የሚለቀቀው ደግሞ ከዚያም በኋላ። ስለዚህ «ሥራዎችህን ይዘህ እንድትቀርብ» የሚለው መልእክት ጳጉሜን ላይ፣ ሲብስም በመክፈቻው ዋዜማ በቴሌግራም ይደርሰናል። ስንት ሥራ፣ በምን መጠን፣ ማን ይመርጣል የሚል ነገር የለበትም። በዘይት ቀለም የተሠራ ሥዕል በክረምት እርጥበት ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል። በጥድፊያ የተጠራ ሠዓሊ ያለው ምርጫ አምና ያሳየውን አቧራ አራግፎ መልሶ ማምጣት ነው። ከዚያ እናንተው «በየዓመቱ ያው ሥዕል» ብላችሁ ታማርራላችሁ። መስቀል መስከረም 17 እንደሚውል ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ ድንገት የመጣባችሁ እንግዳ አይደለም።

ቀጥሎ ገንዘቡ። ድንኳን አከራዩ ይከፈለዋል። ሳውንድ ሲስተምና ጄኔሬተር ያመጣው ይከፈለዋል። የሙዚቃ ባንዱ ይከፈለዋል፤ ምግብ አቅራቢውም ይከፈለዋል። የኮሚቴው አባል አበሉን ይፈርማል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ የሠራ ሰው ዋጋውን ማግኘት አለበት። ሠዓሊው ጋ ሲደረስ ግን የምስክር ወረቀትና ቲሸርት ይወጣል፤ «ራስህን ታስተዋውቅበታለህ» የሚል ምክርም ይጨመርለታል። ሸራውና ቀለሙ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነው። ፍሬሙን የሰፈር አናጢ በገንዘብ ነው የሚሠራው። ሥዕሉ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሲታሰር ረዳቱ እንደ ጆንያ ቆጥሮ ሒሳብ ይቀበላል። በሀደሮ ገበያ አንዲት ዝንጅብል ሻጭ ጆንያዋን አስረክባ የምስክር ወረቀት ይዛ ወደ ቤቷ ስትሄድ አይተን አናውቅም። እኛን ግን ይህ ደንብ ነው ብላችሁ አስለምዳችሁናል፤ እኛም ዝም ብለን ለምደናል። የሚመጣ ዕድል ተስፋ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

አንድ መስከረም ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ከተማውንም ኮሚቴውንም አልጠራም። የሥዕሉ ድንኳን በብርድ ልብስ ሻጭና በፕላስቲክ ዕቃ ሻጭ መካከል ተተክሏል። ሥዕሎቹ ከድንኳኑ ብረት ላይ በሲባጎ ታስረዋል፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር እየዞሩ ጀርባቸውን ያሳያሉ። ከሥራዎቼ አንዱ የዝንጅብል ገበያ ነበር፦ ሴቶች ጆንያ ላይ ተቀምጠው አፈሩ ያልተራገፈ ዝንጅብል ሲለዩ። እኛ ሠዓሊዎቹ የመክፈቻው ንግግር ላይ ወንበር እንድንሞላ ተጠርተን መድረኩ ፊት ተደርድረናል። ድንኳኑን የሚጠብቀው ልጅ ማታ ላይ እንደነገረኝ፣ ለበዓሉ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ሰው ያ ሥዕል ፊት ቆሞ ቆየ፤ ለጓደኛው «ይህማ የእኛ ገበያ ነው» አለው፤ ከዚያ ዞሮ «ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጁም «አይሸጥም፣ ለዕይታ ነው» ብሎ መለሰለት። ሰውየው ሄደ።

በልጁ አልፈርድም። ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት የሰጠው የለም። የሠዓሊው ስምና ስልክ የት እንዳለም አያውቅም፤ ከሥዕሉ ሥር አንድ ፊደል አልተለጠፈምና። ባዛሩ ሲዘጋ ሥዕሉ የተመለሰልኝ ጥጉ በድንኳኑ ብረት ተቀዶ ነው። ማንን ልጠይቅ? ሳስረክብ የፈረመልኝ ሰው የለም። ዙሪያውን ብርድ ልብሱም ባልዲውም በዋጋው ሲሸጥ በዚያ ባዛር የማይሸጠው ዕቃ ሥዕል ብቻ ነበር።

የዝግጅቱ ሪፖርት ግን ያምራል። ዐውደ ርዕዩ በርካታ ጎብኚዎች በተገኙበት በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ ይባላል። ውሸት የለበትም፤ ጎብኚው በርካታ ነበር። የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሪፖርቱ የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው። ስንት ሰው ጎበኘ፣ ስንት ተሳታፊ ቀረበ፣ የትኛው ኃላፊ ከፈተው የሚል ቦታ አለው። ስንት ሥዕል ተሸጠ፣ ለሠዓሊው ስንት ተከፈለ፣ የተረከባችሁት ሁሉ በደህና ተመለሰ ወይ የሚል ቦታ የለውም። ቅጹ ላይ የሌለ ነገር በጀት አይያዝለትም፤ በጀት ያልተያዘለት ነገር ኃላፊ አይመደብለትም። እናንተ ክፉዎች ስለሆናችሁ አይደለም የምንጎዳው። የምትገመገሙበት ወረቀት እኛን እንደ ጌጥ ስለሚቆጥረን ነው። ጌጥ ደግሞ መቁጠር እንጂ መክፈል አያስፈልገውም።

ሕጉ እንዲህ አይልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልንና ቅርጻ ቅርጽን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥራል። ሥራውን ማባዛትም ለሕዝብ ማሳየትም የመብቱ ባለቤት ፈቃድ የሚጠየቅበት ነው። ሠዓሊው ስሙ ከሥራው ጋር እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት አለው፤ የኢኮኖሚ መብቱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ድንኳን ውስጥ የተሰቀለ ሥዕል በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በሚቀጥለው ዓመት ባነር ላይ ያለ ስምና ያለ ፈቃድ ሲወጣ «የአካባቢህ በዓል አይደል እንዴ?» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ስም የመዝለል ልማድ ደግሞ በእኛ አልጀመረም። በሀዲያ፣ በከምባታና በሃላባ ግድግዳቸው በሥዕል ያጌጡ የሣር ቤቶች ዓለም ያወቃቸው ናቸው። የውጭ ፎቶ አንሺዎች እየመጡ አንሥተዋቸዋል፤ ፎቶው ሲታተም የፎቶ አንሺው ስም ከሥሩ ይሰፍራል። ግድግዳውን የሣለው እጅ ግን ስም የለውም፤ የብሔረሰቡ ስም ይበቃዋል ተብሎ ይታለፋል። በባህል ድንኳናችሁም ያው ነው። ጀበናውና እንስራው «የባህል ዕቃ» ተብሎ ይደረደራል፤ ያንን ጭቃ ረግጣ፣ ቀርፃና ተኩሳ ያወጣችው ሴት ማን እንደሆነች የሚጠይቅ የለም። ሸክላ ሠሪ ለዘመናት በተገለለበት አካባቢ ስሟን መጻፍ ከማንም ይልቅ የባህል ድንኳን ሥራ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ማሳያ ስትከፍት ያቀረበችው የአንድ ሠዓሊ፣ የተስፋዬ ኡርጌሳን ሥራዎች ነው፤ ስሙንም አልደበቀችም። አገር ያላፈረበትን ነገር ወረዳ ሊያፍርበት አይገባም።

«እንግዛ ብንልስ ሦስት ፕሮፎርማ ከየት እናመጣለን?» የሚለውን ጥያቄ ከአንድ በላይ ከሆኑ ሰዎች ሰምቼዋለሁ። አንድ ሠዓሊ ለሣለው አንድ ሥዕል ሦስት ሻጭ አይገኝም። የግዥ ሕግ ይህንን ያውቃል፤ ዕቃውን ማቅረብ የሚችለው አንድ ብቻ ሲሆን በቀጥታ ከእሱ መግዛት የሚቻልበት መንገድ አለ። መንገዱን የሚያስታውስ ስለሌለ የአደባባዩ ቅርጽና የአዳራሹ ግድግዳ ሥዕል በዝቅተኛ ዋጋ ጨረታ ይወጣል። ንግድ ፈቃድና የግብር ምዝገባ ያሟላው ማስታወቂያ ሠሪ ያሸንፋል፤ ከዚያ ሥራውን ለእኛው በግማሽ ዋጋ ያሠራናል። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የአፈወርቅ ተክሌ የባለ ቀለም መስታወት ሥራ አለ፤ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ዛሬም አዳራሹ ሲነሳ መጀመሪያ የሚወሳው እሱ ነው። ያ ሥራ በዝቅተኛ ዋጋ ጨረታ የተገኘ ቢሆን ኖሮ ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያቅትም።

የመጨረሻው ማመካኛ «ሕዝባችን ሥዕል አይገዛም» የሚለው ነው። በሆሳዕናና በዱራሜ፣ በሀደሮም ጭምር፣ ከደቡብ አፍሪካ በተላከ ገንዘብ የተሠሩ ቤቶችን ተመልከቱ። ሆቴሎቹንም ግቡባቸው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የማናውቀው አገር ፏፏቴ የታተመበት ትልቅ ፖስተር ተሰቅሏል፤ በነፃ የመጣ አይደለም። አጆራ መንትያ ፏፏቴ እኮ ከሀደሮ ሩቅ አይደለም፤ በአቅራቢያው የሚኖሩ ሠዓሊዎች ደጋግመው ሥለውታል። ገዢው ግድግዳውን በገንዘቡ ከሞላ፣ የጎደለው ፍላጎት አይደለም። «ስንት ነው?» ሲል መልስ የሚሰጠው ሰው ነው የጎደለው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ጥሪው ሰኔ ውስጥ በጽሑፍ ይውጣ፤ የሥራውን ብዛትና መጠን፣ የሚመርጡትን ሰዎች፣ የሚከፈለውን ገንዘብ ይዞ። ብዙዎቻችን መምህራን ነን፤ ሐምሌና ነሐሴ የእኛ የሥራ ወራት ናቸው። የሠዓሊ ክፍያ ከድንኳኑና ከሳውንድ ሲስተሙ እኩል በበጀቱ ላይ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው። ገንዘቡ አነስተኛ ከሆነ የሠዓሊውን ቁጥር ቀንሱ፤ ሠላሳ ሰው በነፃ ከምትሰበስቡ አምስት ሰው ከፍላችሁ ጥሩ። ሥዕል ስትቀበሉ ዋጋውና ያለበት ሁኔታ ተጽፎ በሁለት ቅጂ ይፈረም፤ ሲመለስም እንዲሁ፤ የተጎዳ ካለ ማን እንደሚጠየቅ ከወዲሁ ይታወቅ። ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ የሠዓሊው ስም፣ የሥራው ርዕስ፣ የተሠራበት ዓመት፣ ቀለሙ፣ መጠኑና ዋጋው በትንሽ ካርድ ይለጠፍ፤ ሸክላና ስፌትም እንዲሁ። ሽያጩን የሚያካሂድ አንድ ሰው መድቡ። ከሽያጩ ድርሻ ብትፈልጉም አስቀድመን ከተስማማን አልቃወምም፤ ጋለሪዎችም ድርሻ ይይዛሉ። ቦታው ደግሞ ዝናብ የማያስገባ አዳራሽ ይሁን።

ከሁሉም በላይ የሪፖርቱን ቅጽ ቀይሩት። የተሸጠ ሥዕል ብዛት፣ ለሠዓሊዎች የተከፈለ ብር፣ በደህና የተመለሰ ሥራ የሚሉ ሦስት መስመሮች ጨምሩበት። የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር ሊያሳፍር ይችላል። ግድ የለም፤ ዜሮ የተጻፈበት መስመር በግምገማ ላይ ይጠየቃል፣ ያልተጻፈ መስመር ግን ማንም አይጠይቅበትም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአዲሱ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ብዙ ቅጾች እንደገና ተጽፈዋል፤ ይህ አንዱ ቢሆን የሚጠይቀው ገንዘብ የለም።

በበኩሌ ከእንግዲህ ርክክብ ያልተፈረመበት ሥዕል ከቤቴ አይወጣም። ይህንኑ ለሙያ ጓደኞቼ ነግሬያቸዋለሁ። የተስማሙ አሉ፤ «ያችን ድንኳንም እንዳናጣት» ብለው የፈሩም አሉ፤ ስለፈሩ አልወቅሳቸውም። እኔ ግን ጥሪያችሁን ሰኔ ላይ እጠብቃለሁ። ቀኑ፣ ክፍያውና የሚረከበኝ ሰው ስም ያለበት ደብዳቤ ከደረሰኝ፣ ሥዕሎቼን ይዤ ከማንም ቀድሜ የምገኘው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሀደሮ መምህርና ሠዓሊ